«አልጨረስኩም ነበር እኮ»

ባለፈው ማክሰኞ አራት ኪሎ ላይ አንዲት ተማሪዬን አገኘኋት። ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት መውጣቷ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ስልኳን አውጥታ ውጤቷን አሳየችኝ። ከ20 9። የሰጠኋት እኔ ነኝ።

«መምህር፣ አልጨረስኩም ነበር እኮ» አለችኝ።

ቀን ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። የቤት ሥራዋን የምትጽፈው ማታ ማታ በስልኳ፣ የቤት ሥራና ፈተና በኢንተርኔት በምሰጥበት በሙድል ላይ ነው። የዚያን ዕለት ግማሽ እንደደረሰች መብራት ሄደ። የስልኳም ባትሪ ሊያልቅ ነው። የጻፈችው እንዳይጠፋባት ሴቭ አደረገችው። እኔ ጋ ግን «ለእርማት ቀርቧል» ብሎ መጣ። ማስረከቢያው ገና ሳይደርስ፣ ሥራ ላቃልል ብዬ አረምኩት። «መደምደሚያ የለውም» የሚል አስተያየትም ጻፍኩበት። ያቺን አስተያየት ሳስባት አሁንም ይቆጨኛል።

ቤት እንደገባሁ የሙድልን ማስተካከያ ከፈትኩ። አንድ ጥያቄ አለ፦ ተማሪው «አስረክብ» የሚለውን ቁልፍ መጫን አለበት? ካልነኩት «አይ» ላይ ነው። ያኔ ሴቭ የተደረገ ሁሉ እንደገባ ይቆጠራል። «አዎ» ከተባለ ግን ተማሪው ራሱ እስኪያስረክብ ድረስ ጽሑፉ ረቂቅ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስተምርበት ነክቼው አላውቅም።

ልጆች ሳለን ድርሰት መጀመሪያ በእርሳስ እንጽፍ ነበር። በእስክርቢቶ የሚገለበጠው ኋላ ነው። በእርሳሱ ላይ ማርክ የሚሰጥ መምህር አልገጠመኝም። እኔ ግን እርሳሱን ከተማሪዎቼ እጅ ነጥቄያለሁ። ሌሎቹን ስጠይቃቸው፣ ለካ አንዳንዶቹ ሴቭ ማድረግ ራሱ ይፈሩ ነበር። ሴቭ ካደረግነው እንደገባ ይቆጠርብናል ብለው እስኪጨርሱ ሳያስቀምጡ ይጽፋሉ። መሐል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ከሄደ በቃ፣ እንደገና ከሀ።

ፈተናው ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ሙድል የፈተና መልስን በየመሐሉ በራሱ ማስቀመጥ ይችላል። ሰዓቱ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ለተቸገረው ተማሪ ለብቻው ደቂቃ እጨምርለታለሁ፤ ይሄም ማስተካከያው ውስጥ አለ።

«አዎ»ም የራሱ ጣጣ አለው። ጨርሶ «አስረክብ»ን መጫን የሚረሳ አይጠፋም። ቀኑ ሲደርስ ረቂቅ ላይ የቀሩትን ደውዬ መጠየቅ የኔ ሥራ ነው፣ እሠራዋለሁ። የከበደኝ ሌላው ነው። ረቂቁ ለመምህሩም ይታያል። ሰው ያልጨረሰውን እያዩበት እንዴት እጁ ይፈታል?

ውጤቷን ሰርዤ ሥራዋን ወደ ረቂቅ መለስኩላት። ቀኑንም አራዘምኩ። ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ገጹን ስከፍት ከስሟ አጠገብ «ረቂቅ» ይላል። ምን ያህል እንደጻፈች አላየሁም። ዘጋሁትና ተኛሁ።