ከፖሊ በር ማዶ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ የመረጥኩት ሥራ ለባሕር ዳር የኢኖቬሽን መንደር፣ ማለትም ተማሪና ባለሙያ ጎን ለጎን አዲስ ነገር የሚፈጥሩበት ሰፈር፣ ፕላን ማውጣት ነበር። ሥራውን የጀመርኩት ከከተማው ዳር ሰፊ ባዶ መሬት ፈልጌ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ባለ መስታወት ፎቆች ስሥል ከረምኩ። አማካሪዬ ሥዕሉን አዩና «ተማሪው እዚህ ድረስ በምን ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ፖሊ በር፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊቴክኒክ ግቢ በር አካባቢ፣ የሄድኩት። የሳተላይት ምስል አሳትሜ ሁለት ሳምንት እዚያው እየዋልኩ በእያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚሠራ መዘገብኩ፦ ፎቶ ኮፒ፣ ብየዳ፣ የባጃጅ ጥገና፣ እንጨት ሥራ፣ ጀበና ቡና። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ከጣና ላይ እምቦጭ የሚሰበስብ መሣሪያ ንድፍ ይዞ ብየዳ ቤት ገባ። በያጁ ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰለትና ጠመኔ አንሥቶ ሲሚንቶው ላይ እንደገና ሣለው። «ይሄ ዘንግ ውሃ የያዘ አረም ሲጫነው ይጣመማል፤ እዚህ ጋ ደግፈው» አለው። ልጁ ተንበርክኮ ከጠመኔው መስመር ጎን ቁጥር ይጽፍ ጀመር። እኔ «የዲዛይንና የሙከራ ማዕከል» ብዬ ለብቻው ሕንፃ የሰጠሁት ሥራ ዓይኔ ሥር እየተሠራ ነበር።

ነገሩ ሥር አለው። ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት የሚያስተምረው ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክና ጨርቃ ጨርቅ ነበር። የከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የዚያው ዘመን ልጅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥዕል ትቼ ለበሩ አካባቢ የአካባቢ ልማት ፕላን አዘጋጀሁ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መላውን ከተማ ከሚመለከተው መዋቅራዊ ፕላን ቀጥሎ ያስቀመጠው ደረጃ ይህ ነው። ቦታዎቹን ትናንሽ አድርጌ ሸነሸንኩ፤ ትልቅ ቦታ የሚወስደው ትልቅ ገንዘብ ያለው ብቻ ነውና።

ከሁሉ ያስቸገረኝ አጥሩ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ማለት በር፣ ጥበቃና ፍተሻ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ይፍረስ አላልኩም። ወርክሾፖቹን ከአጥሩ ጋር አስጠግቼ ሁለት በር ሰጠኋቸው፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው ወደ መንገዱ የሚከፈት። ተማሪው መታወቂያውን አሳይቶ በግቢው በኩል ይገባል፤ በያጁ በመንገዱ። የሚገናኙት ማሽኑ ላይ ነው። ከፕላኑ ሁሉ ዛሬም የምሟገትለት ይህን ነው።

ቀጥሎ የኪራይ ጉዳይ መጣ። ፕላኑን ለበያጁ ሳሳየው «ልጄ፣ መንገዱ ሲያምር አከራዬ ምን የሚለኝ ይመስልሻል?» አለኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የባርሴሎናን ታሪክ አንብቤው ነበር። ፖብሌኖው የተባለው የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2000 22@ በሚል ስም ወደ ኢኖቬሽን ሰፈርነት እንዲለወጥ ሲወሰን፣ ከፍ አድርጎ መገንባት የሚፈልግ ባለይዞታ ከመሬቱ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ቦታ፣ ለሕዝብ አገልግሎትና ለማኅበራዊ ቤቶች እንዲለቅ ተደረገ። እንደዚያም ሆኖ ካን ሪካርት በተባለው አሮጌ ፋብሪካ ግቢ የነበሩ ትናንሽ ወርክሾፖች እንዲለቁ ሲደረግ ሰፈርተኛው ለተቃውሞ ወጣ። ስለዚህ እኔም ተጨማሪ ፎቅ የሚፈቀድለት ባለይዞታ ምድር ቤቱን በተወሰነ ኪራይ ለነባር ወርክሾፖች እንዲያከራይ የሚያስገድድ ሐሳብ ጨመርኩ። ይህን ለማስፈጸም ግን ፕላን ብቻውን አይበቃም፤ ደንብ ይፈልጋል።

የተሻሻለውን ይዤ ተመለስኩ። በያጁ የምድር ቤቱን ክፍል በጣቱ ለካና «የቱቦላሬ ብረት ርዝመቱ ስድስት ሜትር ነው፤ በየት አዙሬ አስገባዋለሁ?» አለኝ። ለውበት ብዬ ከፊት የደረደርኳቸውን ዓምዶች ያን ዕለት ማታ አነሣኋቸው።