አይኖርም ያልኩት ኩርባ

ሐሙስ ማታ፣ ሐዋሳ

ዛሬ ክፍል ውስጥ «አይኖርም» አልኩ። ያልኩትም ረጋ ብዬ፣ የሚያውቅ ሰው ድምፅ አውጥቼ ነው።

በሒሳብ ሊቁ ቼሬሳ ስም ስለሚጠራው የቼሬሳ ዑደት እያስረዳሁ ነበር። ጂነሷ (እንደ ገጽ ስትታይ ያሏት ቀዳዳዎች ቁጥር) 3 የሆነች ኩርባ ያኮቢያን በሚባል ባለ 3 ልኬት ቤት ውስጥ ትቀመጣለች። እዚያ ቤት ነጥብ ከነጥብ ይደመራል፣ ይቀነሳል። የኩርባዋን ነጥቦች ሁሉ ወደ አሉታዊ ስንቀይር ሁለተኛ ኩርባ ትወጣለች፤ ዑደቱ የሁለቱ ልዩነት ነው። ቅርጾችን በጥቅሉ ብቻ በሚያወዳድረው በሆሞሎጂ ሚዛን ልዩነቱ ዜሮ ይመጣል። (በሐይቁ ላይ እንደሚታይ ጥላ ልላቸው ቃጥቶኝ ነበር፣ ተውኩት። ውሃ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ይገለብጣል፣ ይሄ ግን ሁሉንም ነው።)

ሚዛኑ ግን ሁሉንም አያይም። ቼሬሳ በ1983 እንዳሳየው፣ ጂነሷ 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነች ኩርባ ልዩ ጠባይ ከሌላት በቀር አንደኛዋን በአልጀብራዊ መንገድ ወደ ሁለተኛዋ ማሻገር አይቻልም። ስለ ሀ⁴ + ለ⁴ = 1 ደግሞ ብሎክ በ1984 ዑደቷ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢደመር ዜሮ እንደማይሆን አረጋገጠ። ሃይፐርኤሊፕቲክ ኩርባዎች (ለ² = የሀ ፖሊኖሚያል የሚል እኩልታ ያላቸው) ላይ ግን መነሻ ነጥቡ በደንብ ከተመረጠ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ዑደቱ ይጠፋል።

ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ እጇን አነሳች። «መምህር፣ ሃይፐርኤሊፕቲክ ሳትሆን ዑደቷ ብዙ ጊዜ ሲደመር ዜሮ የሚሆን ኩርባ አይኖርም?»

«አይኖርም።»

ከሰዓት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አዝዤ ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ቤት ገብቼ ሳገላብጥ የሒሳብ ሊቁ ቦቪል በ2021 ያወጣት ኩርባ ፊቴ ድቅን አለች፤ ለ³ = ሀ⁴ + ሀ። ይህችን ለመጻፍ ግማሽ መስመር እንኳ አይፈጅም! ዘጠኝ ጊዜ ሲደጋገም ወደ ቦታው የሚመለስ ሲሜትሪ አላት። ሀን በ1 ሦስተኛ ሥር (ከራሱ ከ1 በተለየው ውስብስብ ቁጥር) ብናባዛው ቀኝ በኩል ያለው በሙሉ በዚያው ይባዛል፤ እኩልነቱ እንዲጸና ለ በዚያ ሥር ሦስተኛ ሥር፣ ማለትም በ1 ዘጠነኛ ሥር መባዛት አለበት። ቦቪል ዑደቱን እንደ አንድ ነጥብ የሚመዘግበውን ቶረስ (ነጥቦች የሚደመሩበት ሌላ ቤት ነው) አየ፦ ሲሜትሪው ዑደቱን ከቦታው አያነቃንቅም፣ ቶረሱ ላይ ሳይነቃነቁ የሚቀሩት ነጥቦች ደግሞ ውሱን ናቸው። ስለዚህ ቶረሱ ላይ ያለው የዑደቱ ነጥብ ተደጋግሞ ሲደመር ዜሮ ይሆናል። ዑደቱ ራሱም በአልጀብራዊ መንገድ የማሻገር ሚዛን እንዲሁ መሆኑን ቦቪልና ሾን አብረው ጨምረውበታል።

እኩልታዋን በቴሌግራም ላኩላት፣ «ተሳስቻለሁ» ብዬ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ መምህር» አለችኝ። ጠርጥራ ነበር!