የታዘዘ ዕቃ መንገድ ላይ ሲጠፋ ኪሳራው የማን ነው?

«እኛ ልከናል፤ አጓጓዡን ጠይቁ» ይላል ሻጩ። አጓጓዡ ጋ ሲደወል ደግሞ «ላኪው ያመልክት።» አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት አዝዞ ዕቃው የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ነው። ከሁለቱ ትክክል የሚናገረው አጓጓዡ ነው። ዩፒኤስም ሆነ ፌዴክስ የተዋዋሉት ከሻጩ ጋር ነው፤ ካሳ የሚከፍሉትም በተለምዶ ለላኪው ነው፣ ያውም ላኪው ከፍ ያለ ዋጋ ካላስመዘገበ እስከ 100 ዶላር ብቻ። ገንዘባችሁን የተቀበለው ሻጩ ስለሆነ መያዝ ያለባችሁ እሱን ነው።

ሕጉ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ለገዢ አያደላም። ከሉዊዚያና በስተቀር ሁሉም ስቴቶች የተቀበሉት የሽያጭ ሕግ በአንቀጽ 2-509 እንደሚለው፣ ሻጩ ዕቃውን እናንተ ያላችሁበት ቦታ ድረስ ለማድረስ ካልተዋዋለ፣ ለአጓጓዥ ባስረከበ ጊዜ የመጥፋት ኪሳራው ወደ ገዢው ይዞራል። ትልልቅ የኢንተርኔት ሱቆችም ይህንኑ ማንም በማያነበው የውል ገጻቸው ላይ ያሰፍራሉ። ታዲያ ለምን አብዛኞቹ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይተካሉ ወይም ገንዘብ ይመልሳሉ? ደንበኛ ላለማጣት፣ ከዚያም በላይ ደግሞ የገዢው ባንክ ገንዘቡን እንዳይመልስባቸው ፈርተው ነው። ስለዚህ ከሕጉ ይልቅ የሚወስነው በምን እንደከፈላችሁና መቼ እንዳመለከታችሁ ነው።

ከማመልከት በፊት የትራኪንግ ገጹን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። «ሌብል ተዘጋጅቷል፣ ዕቃውን ገና አልተረከብንም» የሚል ከሆነና ከዚያ ወዲህ ምንም ስካን ከሌለ፣ ዕቃው አልጠፋም፤ አልተላከም። ሻጩ ሌብል አትሞ «ልኬያለሁ» ብሎ ይሆናል። አንቀጽ 2-509 እንኳ እዚህ ላይ አያድነውም፣ ለአጓጓዥ ያስረከበው ነገር የለማ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብም አለ፦ ሻጭ እልካለሁ ብሎ ቃል በገባበት ቀን፣ ቀን ካልጠቀሰ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ መዘግየቱን አሳውቆ እንድትጠብቁ ወይም ገንዘባችሁን እንድትወስዱ መጠየቅ ግዴታው ነው። ይህ ደንብ ስለ መላክ እንጂ ስለ መድረስ አይናገርም፤ ብዙዎች ያምታቱታል።

ስካኑ መሀል መንገድ ላይ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ለቀናት ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው። በዩኤስፒኤስ (በአሜሪካ መንግሥት ፖስታ) የተላከ ከሆነ ሳምንት ካለፈ በኋላ የጠፋ ፖስታ ፍለጋ ማመልከቻ በድረ ገጹ ይሞላል። ሌብሉ ተላጦ ዕቃው ማንነቱ ሳይታወቅ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል የካርቶኑን መጠን፣ የዕቃውን ቀለምና ሞዴል በዝርዝር ጻፉ፤ «ጫማ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለፈላጊው አይጠቅምም። ፕራዮሪቲ ሜይልና ግራውንድ አድቫንቴጅ የተባሉት የዩኤስፒኤስ መላኪያዎች እስከ 100 ዶላር ኢንሹራንስ በውስጣቸው አላቸው። የካሳ ጥያቄው በተላከ ከ15ኛው እስከ 60ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት፤ ላኪም ተቀባይም ማስገባት ይችላል፤ የዋጋ ማስረጃ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቸጋሪው «ደርሷል» የሚለው ነው። ስካን አንዳንዴ ከዕቃው ቀድሞ ይደረጋልና አንድ ቀን ጠብቁ፤ ጎረቤት፣ የአፓርታማውን ቢሮና የዕቃ ሎከሩን ጠይቁ። የማስረከቢያ ፎቶ ካለ በሩን አስተውሉ፦ የበሩ ቀለምና ቁጥሩ የእናንተ ካልሆነ እሱን ፎቶ ከራሳችሁ በር ፎቶ ጋር አድርጋችሁ ለሻጩ ላኩት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አያከራክርም። ለዩኤስፒኤስ ከሆነ በነጻ ስልክ መስመሩ አትድከሙ። ሠፈራችሁ ያለው ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቁ፤ የፖስተኛው ስካነር «ደርሷል» ሲል የነበረበትን ቦታ በጂፒኤስ ይመዘግባል። ይህ አጭበርባሪ ሻጭንም ያጋልጣል። ገጹ ለሁሉም ሰው የሚያሳየው ከተማና ዚፕ ኮድ ብቻ በመሆኑ፣ በእናንተው ዚፕ ኮድ ለሌላ ቤት ባዶ ፖስታ ልኮ «ይኸው ደርሷል» የሚል ሻጭ አለ። በትክክል በራችሁ ላይ ተቀምጦ ከዚያ ከተሰረቀ ግን ሻጩን መያዝ ይከብዳል፤ ያኔ የፖሊስ ሪፖርትና ካርዳችሁ የግዢ ዋስትና ካለው እሱ ናቸው መንገዱ።

አሁን ወደ ባንኩ። በክሬዲት ካርድ የተገዛና ያልደረሰ ዕቃ በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ እንደ ሂሳብ ስህተት ይቆጠራል። ሂሳቡ የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ፤ አድራሻውም ክፍያ የሚላክበት ሳይሆን ለጥያቄ የተለየው ነው። በአፕ ማመልከት ቢሠራም የሕጉን ሙሉ ጥበቃ የሚያስገኘው ደብዳቤው ነው። ባንኩ መቀበሉን በ30 ቀን ያሳውቃል፣ ቢበዛ በ90 ቀን ይወስናል፤ እስከዚያ የተከራከራችሁበትን ሂሳብ አትከፍሉም። «ሁለት ሳምንት ታገሱን»፣ «ሌላ አንድ ሳምንት» የሚል ሻጭ የሚበላባችሁ እነዚህን ቀኖች ነው። ትዕግስቱን ስጡት፣ ቀኑን ግን አትስጡት።

ዴቢት ካርድ በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ያላችሁ የቪዛና የማስተርካርድ የራሳቸው ደንብ ነው። ፔይፓል ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል፣ ነገር ግን ክርክር ከከፈታችሁ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ ወደ ክስ ካላሳደጋችሁት በራሱ ይዘጋል። ፔይፓልንና ባንኩን በአንድ ጊዜ አታንኳኩ፤ በባንክ ስትጀምሩ ፔይፓል የራሱን ይዘጋዋል። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) ወይም በፔይፓል «ለወዳጅ» ተብሎ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ብዙዎች የሚቀበሉት በዜል ነውና፣ ውድ ቀሚስ ከሆነ በካርድ ካልሆነ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለንደንና ፍራንክፈርት ያላችሁ ቀለል ይላችኋል። በእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች ሕግ፣ በአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ መመሪያ፣ ዕቃው በገዢው ወይም እሱ በመረጠው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ኪሳራው የነጋዴው ነው ይላሉ። «ለጎረቤት ስጡልኝ» ብላችሁ ከመረጣችሁ ግን ጎረቤቱ እንደ እናንተ ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ለቤተሰብ የሚላክ ዕቃ የራሱ ወጥመድ አለው። ከሱቁ በቀጥታ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ የካርጎ ቢሮ አድራሻ ካስላካችሁ፣ ካርጎው የተረከበ ዕለት የሻጩ ግዴታ አበቃ፤ ኢቤይም ወደ ሌላ አድራሻ ለተሻገረ ዕቃ ዋስትና አይሰጥም። ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላን ለሚጫነው የሚሠራው የአየር ጭነት ካሳን የሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ አሜሪካም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የካሳው ጣሪያ በኪሎ 26 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 35 ዶላር አካባቢ ነው። ለብቻው ታሽጎ የተላከ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የ900 ዶላር ስልክ ቢጠፋ አየር መንገዱ የሚጠየቀው 18 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው፣ ዋጋው ቀድሞ ካልተመዘገበና ለዚያ ተጨማሪ ካልተከፈለ። ከዚህም ሌላ የአየር መንገዱ ሰነድ የሚወጣው በካርጎ ቢሮው ስም ስለሚሆን፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቢሮው የሰጣችሁ ወረቀት ብቻ ነው። «1 ካርቶን፣ 12 ኪሎ» ብሎ ከጻፈላችሁ ስልኩ በውስጡ እንደነበር የሚያስረዳ ነገር የለም። ዕቃው በየዓይነቱ፣ ስልክ ከሆነ ከነ መለያ ቁጥሩና ዋጋው ተጽፎ ማኅተም ካላረፈበት፣ ካርቶኑን አታስረክቡ።