ጠበቃ ላቁም ወይስ ራሴ ልጨርሰው?

የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ድንጋጤው በረድ ሲልለት ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ጠበቃ ማቆም ይሻለው እንደሆነ ወይም ከመድን ድርጅቱ ጋር ራሱ ተነጋግሮ መጨረስ ይችል እንደሆነ ነው። ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት ከተጨረማመተው ብረት ነው። በእኔ አመለካከት ግን መኪናው የቱንም ያህል ቢጎዳ፣ የሰው አካል ጉዳት ወይም የጥፋተኝነት ክርክር እስካልተጨመረበት ድረስ ጉዳዩ የጠበቃ አይደለም።

ጉዳቱ በንብረት ላይ ብቻ ከሆነና ያኛው ወገን ጥፋቱን ካልካደ፣ የጋራዥ የጥገና ግምት፣ ፎቶግራፎችና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ እዚህ የሚገባ ጠበቃ ክፍያውን የሚያገኘው ለጥገና ከታሰበው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ነው። በአካል ጉዳትም ቢሆን የጠበቃ አስፈላጊነት የሚቀንስባቸው አገሮች አሉ። በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ካሳው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ በመንግሥት በተቋቋመ ሥርዓት ስለሚከፈል፣ ለአካል ጉዳት ካሳ ሲባል አሽከርካሪውን መክሰስ አይቻልም። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በመኪና ውስጥ ሳሉ ቀላል የአንገት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች፣ የሕመም ካሳቸው ከ5,000 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ፣ ቢረቱ እንኳ በአብዛኛው የጠበቃ ወጪያቸውን ከተሸናፊው አያስመልሱም።

ሰውነት ሲጎዳ ነገሩ የሚከብደው የጉዳቱ መጨረሻ በዕለቱ ስለማይታወቅ ነው። የአንገት ሕመም በማግሥቱ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም የመርሳት ችግሩን የሚያስተውለው ውሎ አድሮ ሊሆን ይችላል። የመድን ድርጅት ወረቀት ግን ይህን አይጠብቅም። የእህቴ ልጅ መኪናው ከኋላ ተገጭቶ አንገቱን ማዞር ባቃተው ሰሞን ከገጪው መድን ሰጪ የተላከለትን ሰነድ ይዞ መጣና፣ «አጎቴ፣ ገንዘቡ መጥፎ አይደለም፤ ልፈርም ወይ?» አለኝ። የገንዘቡ መጠን ከላይ በደማቁ ተጽፏል፤ ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ አሁን ለታወቀውም ሆነ ወደፊት ለሚታወቅ ጉዳት ሌላ ምንም ጥያቄ እንደማያነሳ የሚያስገድድ አንቀጽ አለ። ያንን መስመር በጣቴ አሳይቼ ደግሞ እንዲያነበው አደረግሁ። እንዲህ ያለ ሰነድ የፈረመ ሰው ከወራት በኋላ ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝለት ወጪው በመሠረቱ በራሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጠበቃ ላለማቆም የወሰነ ሰው እንኳ ከመፈረሙ በፊት ለአንድ ሰዓት የሕግ ምክር ቢከፍል አይከስርም፤ ሐኪሙ ጉዳቱ የደረሰበትን ደረጃ ሳያረጋግጥለት ደግሞ ባይፈርም ይሻላል።

የጥፋተኝነት ክርክር ክብደቱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት የተገኘበት ተጎጂ ካሳውን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል፤ በካሊፎርኒያ ግን ካሳው የሚቀነሰው በጥፋቱ ድርሻ ልክ ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የደረሰው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ግን ግምቱ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር ማስረጃ ያጣ ሰው ጉዳቱን ለሁለት ተካፍሎ ሊቀር ነው። ማስረጃ ደግሞ አይቆይም፤ የካሜራ ቅጂ በሌላ ይተካል፣ በአስፋልቱ ላይ የታተመው የጎማ ምልክት ይጠፋል፣ መኪናው ይጠገናል ወይም ይሸጣል። ያኛው ወገን ከካደ ጠበቃ በቶሎ ማማከር ይገባል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይርጋውም፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ የሚዘነጋ አይደለም። በኢትዮጵያ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በመርሕ ደረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የአካል ጉዳት ይርጋ ሦስት ዓመት ነው። የገጨው መኪና የመንግሥት ከሆነ ጊዜው በእጅጉ ሊያጥር ይችላል፤ በካሊፎርኒያ ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ጥያቄ መቅረብ አለበት። ከመድን ድርጅት ጋር መደራደር በብዙ አገር ይርጋውን በራሱ አያቆመውም፤ «እያየነው ነው» የሚል መልስ እየተቀበለ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ተከሳሹ እርስዎ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው፤ መድን ሰጪው በውሉ መሠረት የመከላከያውን ጠበቃ ራሱ ሊመድብ ስለሚችል በቅድሚያ እሱን ማሳወቅ ይገባል። የወንጀል ክስ ከቀረበ ግን የራስን ጠበቃ መያዝ የግድ ነው ባይ ነኝ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ጠበቃው ከሚገኘው ካሳ አንድ ሦስተኛ እስከ 40 በመቶ መውሰዱ የተለመደ ነው። ከመቶኛው ባልተናነሰ መጠየቅ ያለበት ግን ድርሻው የሚሰላው ወጪው ከካሳው ላይ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ካሳው 30,000፣ የባለሙያና የፍርድ ቤት ወጪው 3,000፣ የጠበቃው ድርሻም አንድ ሦስተኛ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ስሌት ለተጎጂው 17,000፣ በሁለተኛው ደግሞ 18,000 ይቀረዋል። ክሱ ውድቅ ቢሆን ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ደንበኛው ጠበቃውን በመሐል ቢያሰናብት ምን ያህል ዕዳ እንደሚኖርበት፣ የቀረበውን የገንዘብ መጠን የመቀበል ወይም ያለመቀበል ሥልጣኑም የደንበኛው ብቻ እንደሆነ በጥብቅና ውሉ ውስጥ መጻፉን ሳያረጋግጡ መፈረም አይገባም።