ብራና፦ ከእርጥብ ቆዳ እስከ ሐረግ

የጥንቶቹ ገዳማውያን ጸሐፍት መጽሐፍ ዕድሜ የሚወሰነው ገና ቆዳው መወጠሪያ ላይ ሳለ ነው። እዚያ የተበላሸውን ብራና በኋላ ማንም ሠዓሊ አያድነውም፤ ስለዚህ ይህ የልምድ ማካፈያ በአብዛኛው ስለ ቆዳው ነው።

የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው፤ የሰባ ፍየል ግን አይሆንም። ቆዳው ውስጥ የቀረ ስብ ቀለም አይቀበልም፤ ፊደሉ እዚያ ሲደርስ ይቆራረጣል። ቆዳው ጥቂት ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተበስቶ በገመድ ይወጠራል። በአውሮፓ ገዳማት ጠጉሩን የሚያላቅቀው ኖራ ነበር። በእኛ በኢትዮጵያ ሙያ ኖራ የለም፤ ሁሉም በመፋቅ ነው። መጀመሪያ በሥጋው በኩል ያለው ስብ ይፋቃል፤ በሸካራ ድንጋይ እየታሸ ይታጠባል፤ ሲደርቅ ጠጉሩ ይላጫል።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከአደራረቁ ነው። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ገመዱ በላላበት በኩል ይጨማደዳል። ስለዚህ እየደረቀ ሲሄድ ዙሪያውን እየዞሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ሳለ ከመወጠሪያው የወረደ ደግሞ እንደ ጥሬ ቆዳ ገትሮ ይቀራል። በግፈፋ ጊዜ ቢላ የነካት ትንሽ ቀዳዳ ስትወጠር ሞላላ ሆና ትከፈታለች፤ ቆዳው ሳይደርቅ በክር መጥቀም ነው። በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ጽሕፈቱ ዞሯቸው የሚያልፍ ቀዳዳዎች የሚታዩት በጊዜው ሳይጠቀሙ ስለቀሩ ነው።

4 ሉክ ተደርቦ ሲታጠፍ የ8 ቅጠል ጥራዝ ይሆናል። የጠጉሩ ገጽ ቢጫነት አለው፣ የሥጋው ነጣ ይላል፤ ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ካልተገጣጠመ ሁለቱ ፊት ለፊት ገጾች ቀለማቸው ይለያያል። መሥመሩ በወስፌ ተነጥቦ በደነዘ ጫፍ ይሰመራል፤ ጫፉ ከተሳለ ብራናውን በመሥመሩ ልክ ይሰነጥቀዋል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተፈጭቶ ለወራት ይብላላል። ያልላመ ከሆነ ብርዕ ይደፍናል። የአውሮፓው የብረት ቀለም ከዘመን ብዛት ብራናውን ይበላል፤ የጥላሸት ቀለም ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ አይበላም፣ ውኃ ግን ያጥበዋል። ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች በየራሳቸው የቀንድ ቀለም መያዣ ይቀመጣሉ።

ሥዕል ከጥንትም አብሮ ነበረ፤ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠሩ በካርቦን ምርመራ የታወቀው፣ በትግራይ አባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ለሐረግ፣ ማለትም የገጹን ራስ ለሚያስጌጠው ጥልፍልፍ ሥዕል፣ ጸሐፊው የገጹን ራስ ባዶ ይተዋል። ጥልፍልፉ አንዱን ከላይ ካለፈ ቀጣዩን ከሥር ማለፍ አለበት፤ አንድ መሻገሪያ ከተዛባ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ቀለም ከመሙላታችሁ በፊት በንድፉ ላይ እያንዳንዱን መሻገሪያ በጣት እየተከተላችሁ አረጋግጡ፤ ከብራና ላይ ቀለም ሲፋቅ ለስላሳው ገጽ አብሮ ይነሣል፣ እዚያ ላይ የሚደገመው ቀለም ይፈስሳል።