«ምን ቅጠል ጠጥተህ ነው የተውኸው?»

ጎንደር፣ ጥር 8 ቀን፣ ማታ

ከጥምቀት በፊት ያለው ሳምንት ለልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። ዛሬም ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ያለችው ሱቄ በነጠላና በጥልፍ ቀሚስ እንደ ተሞላች፣ እግሬም ከመኪናው ፔዳል ሳይነሣ ዋለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ጥቁር ሱሪ ይዘው ገቡ። «ወገቡን አጥብብልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ሱሪው የልጃቸው ነው፤ ለጥምቀት እንዲለብሰው ይፈልጋሉ። ምን ያህል ላጥብበው ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሁለት ጣታቸውን፣ ቀጥለው አራቱንም ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉና ዝም አሉ። የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ የአራት ጣት ሥጋ በአንድ ዓመት ውስጥ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ አልጠየቅኋቸውም። ሊወጡ ሲሉ ግን ከበሩ ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተም እንደ እርሱ መጠጥ ይዞህ ነበር አሉኝ። ምን ቅጠል ጠጥተህ ነው የተውኸው?» አሉ።

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ስለነበሩ እንደ ልቤ ማውራት አልቻልሁም። «እማማ፣ ነገ ማለዳ ተመልሰው ይምጡ» አልኋቸው። ነገ ስንገናኝ አንዱም እንዳይረሳኝ የምነግራቸውን ዛሬ ማታ እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ አረቄ የጀመርሁት ለብርድ ነው። አንድ መለኪያ ደረትን ያሞቃል ሲባል ሰማሁ፤ ሞከርሁት፤ አሞቀኝ። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል እንጂ ሰውነት በዚያው ሰዓት ሙቀቱን ወደ ውጭ እያባከነ እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዱ መለኪያ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ግማሽ ጠርሙስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሴን የማታልልበት ትልቁ ማስረጃዬ ጾም ነበር። ሁዳዴ ሲገባ መጠጥ እተዋለሁ፤ 55ቱን ቀን ጠብታ ሳልቀምስ እጨርሳለሁ። «ሱሰኛ ብሆን ኖሮ እንዴት እችል ነበር?» እል ነበር። ግን ቀኑን እቆጥር ነበር። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬን የሚያፈጥነው ዶሮ ወጡ አልነበረም።

በኋላ ጾሙንም መያዝ አቃተኝ። ያን ጊዜ ሁሉን የነገረችኝ መርፌ ናት። ጠዋት ተነሥቼ ክር ላስገባ ስል እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ክሩ የመርፌዋን ዓይን ይስታል። አንጎበሬን ልስበር ብዬ አንድ መለኪያ ስጎነጭ እጄ ቀጥ ይላል፤ ክሩም ይገባል። ለሥራዬ ስል የምጠጣ መስሎኝ ነበር። እናቴ ማለዳ ክሩን ራሷ እያስገባች ስድስት መርፌ ደርድራ ትሰጠኝ ጀመር፤ አንድም ቀን ቃል አልተናገረችኝም።

ይህ መንቀጥቀጥ ከየት እንደሚመጣ ኋላ ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ አስረዳችኝ፤ እኔ በሙያዬ ቋንቋ ልጻፈው። የስፌት መኪና የላይኛውን ክር የሚወጥር ትንሽ ብሎን አለው። አልኮል ክሩን ያላላል፤ አንጎል ይረጋጋል፣ ጭንቀት ይበርዳል። በየቀኑ ሲላላበት ግን አንጎል ስፌቱ እንዳይበላሽ ብሎ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት ያጠብቀዋል። በአንድ መለኪያ ሞቅ ይለው የነበረ ሰው ኋላ ግማሽ ጠርሙስ የማይበቃው ለዚህ ነው። አንድ ቀን መጠጡ በድንገት ሲቀር ብሎኑ እንደ ጠበቀ ይቀራል፤ የሚያላላው የለም፤ ክሩ ይበጠሳል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ትርታው ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ራስን ስቶ መንፈራገጥ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ቀንና ሌሊት እየተምታታ የሌለ ነገር ማየት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይመጣል። ሰው በዚህ ይሞታል። እማማን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ልጅዎን «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» ብለው በር አይዝጉበት።

እኔ በራሴ ላይ የዘጋሁት እንዲሁ ነበር። አንድ ሰኞ ጠርሙሱን ሰብሬ፣ ለማንም ሳልነግር ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ጠበል ሄድሁ። ሐሳቤ ሰባት ቀን ተጠምቄ ነጽቼ ልመለስ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው፤ ምላሴን ነክሼ መሬት ላይ ወድቄ ነበር። አብረውኝ ያደሩት ሰዎች መንፈስ ነው ብለው ዙሪያዬን ቆመው ይጸልዩ ነበር። አንዲት እማሆይ ግን ትንፋሼን አሸተቱና ምን ያህል እንደምጠጣ፣ መቼ እንዳቆምሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም። አንተ ግን አሁን ሐኪም ቤት ነህ» አሉና መኪና አስፈለጉልኝ። ዛሬም ስማቸውን በጸሎት አነሣለሁ።

ሐኪም ቤት መጀመሪያ የሰጡኝ ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን በመርፌ ነው። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ከሰውነቱ ይጎድላል፤ ጉድለቱ የዓይንን እንቅስቃሴ፣ አረማመድንና የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል። ከዚያ ብሎኑን ቀስ አድርጎ የሚያላላ መድኃኒት፣ ዳያዚፓም፣ በየቀኑ መጠኑን እየቀነሱ ሰጡኝ። ይህንን መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በራስ ፈቃድ መዋጥ ራሱ ትልቅ አደጋ ነው፤ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በስድስተኛው ቀን ወጣሁ። ሕክምናው ሕይወቴን አተረፈልኝ። ፍላጎቱ ግን ከእኔ ጋር አብሮ ከበሩ ወጣ።

ቅጠል የሚባለው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ ቅጠልም ጠጥቻለሁ። አንድ መድኃኒት አዋቂ የሸጠልኝ መራራ ዱቄት ሦስት ቀን አስታወከኝ፤ ዓይኔ ቢጫ መሰለ። ሐኪሙ፣ «ጉበትህ ከአረቄው ገና እያገገመ ነው፤ ምንነቱን የማታውቀውን ነገር አትጨምርበት» ብሎ ተቆጣኝ። ጤና አዳም ቡናዬን ያጣፍጥልኛል፤ ዳማከሴን ለምች አልንቀውም። የመጠጥን ፍላጎት ነቅሎ የሚጥል ቅጠል ግን አላገኘሁም፤ አለ ብሎ ሲሸጥልኝ የነበረም ሰው አታለለኝ።

ታዲያ ምን ረዳኝ? የረዱኝ ነገሮች ሲነገሩ ቀላል ስለሚመስሉ ሰው አያምነኝም። አንደኛው ምግብ ነው። ፍላጎቱ ከሁሉ የሚጸናብኝ ሆዴ ባዶ ሲሆን መሆኑን ደረስሁበት፤ ስለዚህ ሱቄ ውስጥ በሶ አይጠፋም፣ ማታ ማታ ምስርና ሽሮ አጥግቤ እበላለሁ፣ ውኃ በየሰዓቱ እጠጣለሁ። ሁለተኛው እግር ነው። በየማለዳው እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ቁስቋም ዳገቱን እወጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ዛሬ ከላይ ሆኜ ከተማዋን ሳይ ትንፋሼ እንኳ አይቆራረጥም። የመጠጥ አምሮት ሲነሣ ማዕበል ነው፤ ካልተከተሉት ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። እኔ ያንን ግማሽ ሰዓት በእግሬ ነው የማሳልፈው። እንቅልፍ ግን ለወራት አስቸግሮኛል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰርቃል፤ የተሰረቀውን ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ከቀትር በኋላ ቡና መጠጣት ሳቆም ተሻለኝ። ጠበሉም አልቀረም፤ እማሆይ እንዳሉት ከሐኪም ቤት በኋላ ሄድሁ፣ ንስሐ አባቴንም አገኘሁ።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ግን በአምስተኛው ወር አላዳኑኝም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ጠላውን ራሷ አክስቴ ቀድታ፣ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ! ጠላ እኮ ነው፣ አረቄ አይደለም» አለችኝ። እኛ ጋር ፍቅር የሚገለጸው በመቅዳት ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ቀጂውን ያቃለለ ይመስላል። ጠጣሁ። ሐኪሙ በኋላ ወረቀት ላይ አሰላልኝ፤ ከመቶ እጅ 4 ወይም 5 አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ የያዘው አልኮል፣ 100 ሚሊ ሊትር ብርቱ አረቄ ከያዘው ጋር እኩል ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ሊትር አልቆምሁም።

በማግሥቱ ወደ ነርሷ ተመለስሁ። አልተቆጣችኝም፤ እናቴን ግን አስጠራቻት። ምን እንደ ተነጋገሩ አላውቅም። በቀጣዩ የሚካኤል ማኅበር ጽዋው እኛ ቤት ሲደርስ፣ እናቴ ጋን ሙሉ ጠላ መጥመቅ ትታ ብርዝ አዘጋጀች፤ በማርና በውኃ ብቻ፣ ለመፍላት ጊዜ ሳይሰጠው። ለእኔ ለብቻዬ ቢሆን ኖሮ የበሽተኛ ኩባያ ይሆንብኝ ነበር። ለሁሉም ቀዳች። አንዱ ማኅበርተኛ፣ «ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን የወይን ጠጅ አድርጎ የለም ወይ?» ብሎ አጉረመረመ። ይህን ጥቅስ እኔም ስጠጣ ስደገፍበት የኖርሁ ነኝ። እናቴ፣ «እርሱ ያደረገው ለደስታ ነው። እኔም ደስታዬን አጠገቤ አስቀምጫለሁ» አለችና ብርዙን ጨመረችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል።

ለእማማ የምመልሰው መልስ ይህ ነው። ልጅዎ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይዋሽ ለሐኪም ይንገር፤ እስከዚያ በድንገት እንዳያቆም፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሌለ ነገር ካየ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ከወጣ በኋላ ማለዳ ማለዳ እኔ ዘንድ ይላኩት፤ ቁስቋምን ለብቻዬ መውጣት ሰልችቶኛል። በከተራም በጥምቀትም ቤትዎ የሚቀዳውን ራስዎ ያስቡበት።

ሱሪውን አሁን ጨርሼዋለሁ። ወገቡን አራት ጣት አጥብቤዋለሁ። የተረፈውን ጨርቅ ግን በመቀስ አልነካሁትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በቀላሉ እንዲፈታ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ያዝሁት።