ስሞርን በዘይት መጥበስ፦ ለደጋ የሚሆን መጠን፣ ሙቀትና ጥንቃቄ

ስሞር አሜሪካውያን ካምፕ ሲወጡ እሳት ዳር የሚበሉት ጣፋጭ ነው። ማርሽማሎው የሚባለው ከስኳር ሽሮፕ ተመትቶ የሚሠራ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነጭ ጣፋጭ በእንጨት ይሰካል፣ እሳት ላይ እየተሽከረከረ ውጩ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ከቁራጭ ቸኮሌት ጋር በሁለት ብስኩት መሀል ይጨመቃል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1927 በወጣ የሴት ስካውቶች መመሪያ ላይ ታትሞ ይገኛል። ሊጥ ለብሶ በዘይት የሚጠበሰው ግን የኋላ ዘመን የባዛር ምግብ ነው። እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ላይ፣ በቡታጋዝ፣ በተራ ድስት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መጠንና ሙቀት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ስለሆነ እንዳለ አይሠራም። ከተማው 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 100 ላይ ሳይሆን 90 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የተቀየሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ ማርሽማሎውን ሊጥ ከማልበሳችሁ በፊት ፍም ላይ ጥበሱት። ብዙዎቹ አሠራሮች ይህን ይዘሉታል፤ ጥሬውን ማርሽማሎው በሊጥ ጠቅልለው ዘይት ውስጥ ይከቱታል። ችግሩ ሁለት ነው። ሊጡ ውስጥ እርጥበት ስላለ የመሀሉ ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት አያልፍም፤ ስኳሩም ቡናማ አይሆንም። ስለዚህ የሚወጣው ነጭ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ብቻ ነው፣ የእሳት ዳሩ ጣዕም የለውም። ሁለተኛው፣ ማርሽማሎው አብዛኛው ይዘቱ አየር ነው፤ ሲሞቅ ያብጣል፣ በደጋ ደግሞ የውጭው የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የበለጠ ያብጣል፣ ሊጡንም ይቀደዋል። አስቀድሞ ተጠብሶ የቀዘቀዘ ማርሽማሎው ግን አየሩን ከፊሉን አስወጥቶ ስለሚጨማደድ ዘይት ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይነሳም።

ለዚህ የሚመቸው ቡና ከተፈላ በኋላ የሚቀረው ፍም ነው፤ ነበልባል የለውም፣ ሙቀቱ ግን ገና ነው። ማርሽማሎውን በቀጭን ሽቦ ሰክታችሁ ከፍሙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ አሽከርክሩት። ሽቦ ከሌለ የተላጠ ጭራሮ ይሆናል፤ የባሕር ዛፍ ግን አይሁን፣ ሽታው ማርሽማሎው ላይ ይጋባል። ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ ውስጥ ቆዳው የተቆላ ቡና መልክ ይይዛል። የበቆሎ ስታርች የተነሰነሰበት ሳህን ላይ አውርዱትና 15 ደቂቃ ተዉት። ይሟሽሻል፣ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ጎኑ ይሰፋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ብርድ ነው ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ግን ከሰል አታንድዱ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ብስኩቱ። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ግራሃም የሚባለው ብስኩት ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት የሚሠራ፣ ማርና ቅቤ ያለው ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ክቡ የሻይ ብስኩት በደንብ ይተካዋል። ክብ መሆኑ ራሱ ጥቅም አለው፤ አራት ማዕዘን ብስኩት ጫፉ ላይ ሊጡ ስለሚሳሳ ቀዳዳው የሚከፈተው ሁልጊዜ በዚያ ነው። ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ 150 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 50 ግራም በሶ፣ 50 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር ጨው ቀላቅሉ፤ 60 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ እሹበት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና እስኪያያዝ ድረስ 2 ወይም 3 ማንኪያ ወተት ጨምሩ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ ዳምጡት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የብርጭቆ አፍ ቁረጡት፣ በሹካ ውጉት። ኦቨን ካለ በ170 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከሌለም ለስ ባለ ምጣድ ላይ አክንባሎ ደፍታችሁ አንዴ እያገላበጣችሁ ይበስላል። የመንዝ ገብስ በሶ ቤት ካላችሁ ይህን ብስኩት አትለፉት። የተቆላው ገብስ ሽታ ከተጠበሰው ማርሽማሎው ጋር በደንብ ይስማማል፤ ለእኔ ከሻይ ብስኩቱ ይልቃል።

ቸኮሌቱ ቀጭን ይሁን፣ ከ4 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ለአንዱ 8 ግራም ያህል። ወፍራም ቁራጭ በ1 ደቂቃ ጥብስ አይቀልጥም፣ ስትነክሱት ጥርስ ላይ ይቀራል። ከቸኮሌቱ ጥቂቱን በእንፋሎት አቅልጣችሁ የሁለቱን ብስኩቶች የውስጥ ፊት በስሱ ቀቡ፤ ሙጫ ሆኖ ይይዛል። ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ማርሽማሎው፣ ብስኩት፤ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ማርሽማሎው ከብስኩቱ ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ጠርዙን አልፎ ከወጣ በመቀስ ቁረጡት።

አሁን ፍሪዘር፣ ቢያንስ 2 ሰዓት። ማርሽማሎው ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እንደ በረዶ አይደርቅም፣ ጠጠር ይላል እንጂ፤ ቸኮሌቱ ግን ይጠነክራል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይያያዛል። መብራት ከጠፋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክዳን ባለው ዕቃ ውጭ ማሳደር ይበቃል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል። ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሠራ ሰው ግን ያለ ፍሪዘር አይሞክረው። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ቸኮሌት እጅ ላይ ይቀልጣል፣ ውሃም 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

የሊጡ መጠን ለ8 ፍሬ፦ 130 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 30 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 እንቁላልና ከ150 እስከ 170 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት። ቤኪንግ ፓውደር ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉት 1 ተኩል ይላሉ፤ ደጋ ላይ ያን ያህል ከገባ ሊጡ በቶሎ ተነፍቶ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆንና ዘይት ይጠጣል። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ማለት አለበት፤ ማንኪያ ነክራችሁ ስታወጡት ጀርባውን ሸፍኖ በዝግታ ይንጠባጠባል። ብዙ አትምቱት፣ ጥቂት ጓል ቢቀርም ግድ የለም። ስኳሩንም አታብዙ፤ ሊጡ ውስጥ የበዛ ስኳር ከመብሰሉ በፊት ያጠቁረዋል።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የረጋው የፓልም ዘይት ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይችላል፤ ግን ሰውነት በሚሞቀው ልክ ካልሞቀ አይቀልጥም። በደብረ ብርሃን አየር ጥብሱ በረድ ሲል ዘይቱ ቅርፊቱ ላይ ይረጋል፣ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ ፈሳሽ ዘይት ውሰዱ። የኑግ ዘይት ለወጥ ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ሽታው ቸኮሌቱን ይውጠዋል። ሽንኩርት ወይም ዓሣ የተጠበሰበት ዘይትም አይሆንም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወፍራም ድስት 1 ሊትር ተኩል ይበቃል፤ ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ።

ሙቀቱ ከ170 እስከ 175 ዲግሪ ነው። ለባሕር ጠለል የሚጻፈው 190 አካባቢ ነው። ከፍታ ላይ የሊጡ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተን ውስጡ የሚበስለው ቀዝቀዝ ብሎ ነው፣ ውጩ ደግሞ ቀድሞ ይጠቁራል፤ መፍትሔው ዘይቱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ መጨመር ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ሊጥ ጣሉ። ታች ሄዶ ከቀረ ዘይቱ አልደረሰም፤ ወርዶ ወዲያው አረፋ እያሰማ ከተነሳ ደርሷል፤ ሳይወርድ ላዩ ላይ ከጠቆረ አልፏል።

ከፍሪዘር የወጣውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ላዩ ላይ ያለው አመዳይ ውሃ ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈናጠራል፣ ሊጡንም ያንሸራትተዋል። ከዚያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ አንከባልላችሁ አራግፉት። ይህ ዱቄት ካልተነካ ሊጡ ቅዝቃዜው ላይ አይይዝም፣ እንደ ቀሚስ ወርዶ ታች ይጠራቀማል። በሁለት ስቴኪኒ ወይም በሹካ ይዛችሁ ሊጥ ውስጥ ንከሩት፤ ጠርዙን ዙሪያውን ተመልከቱ፣ ብስኩት የሚታይበት ቦታ ካለ በማንኪያ ሊጥ ድፉበት። ዘይቱ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱት፣ አትጣሉት። በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ብቻ፤ ሦስተኛው ከገባ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡም ይጠጣዋል። በአንዱ ፊት 35 ሰከንድ፣ በሌላው 35 ሰከንድ። መልኩ የደረሰ ቦምቦሊኖ ሲመስል ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጡትና የሽቦ ወንፊት ላይ አሳርፉት። ሶፍት ላይ ካረፈ በእንፋሎቱ ታቹ ይለሰልሳል።

ከወጣ በኋላ 1 ደቂቃ ተዉት። ሙቀቱ ከቅርፊቱ ወደ መሀል የሚገባው በዚህች ደቂቃ ነው። ቸኮሌቱ እንዲቀልጥ ብላችሁ ዘይት ውስጥ ካቆያችሁት ማርሽማሎው ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሊጡ ውስጥ ይሰርግና ስትቆርጡት ባዶ ዋሻ ታገኛላችሁ። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ጊዜው በዝቷል ማለት ነው። ውጩ ጠቁሮ ቸኮሌቱ ድርቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ግሏል፤ ቀጣዩን ከማስገባታችሁ በፊት እሳቱን ቀንሱ።

ጥቂት ማርሽማሎው ወደ ዘይቱ ቢወጣ ወዲያው በወንፊት ልቀሙት። ስኳሩ ይከስልና ቀጣዮቹ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይጣበቃል፣ ዘይቱም ይመራል። ዘይቱ መጨስ ከጀመረ እሳቱን አጥፉ። እሳት ከያዘም ክዳኑን ድፉበት፤ ውሃ በፍጹም። የቀለጠ ማርሽማሎው ቆዳ ላይ ከነካ ስለሚጣበቅ ከዘይት የባሰ ያቃጥላል፤ ለመላጥ አትሞክሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ስር ያዙት። ልጆች ካሉ መቁረጡንና ማቀዝቀዙን የትልቅ ሰው ሥራ አድርጉት።

በሊጥ መንከር ለማይመቸው የሳምቡሳው መንገድ አለ። 200 ግራም ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንጥር ጨውና 110 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አቡኩ፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፉ፣ በጣም አሳስታችሁ ዳምጡና 7 በ22 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። ውስጡ የተፈረፈረ ብስኩት፣ ቸኮሌትና የተጠበሰ ማርሽማሎው ግማሽ ፍሬ ይግባ፤ እንደ ተለመደው ባለ ሦስት ማዕዘን እጠፉት፣ ጠርዙን በዱቄትና ውሃ ለጥፉ፣ ስታጥፉ አየሩን በጣት እየገፋችሁ አውጡት። የሚያፈሰው ጫፉ ስለሆነ ሦስቱንም ጫፎች ቆንጥጣችሁ ፈትሹ። 165 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ ያህል። ይህኛው የማፍሰስ ዕድሉ ከሊጡ በጣም ያነሰ ነው፣ ቅርፊቱም ቶሎ አይለሰልስም፤ እንግዳ ካለ የምመርጠው እሱን ነው። በእርሾ ሊጥ ጠቅልሎ እንደ ቦምቦሊኖ መጥበስ ግን አይሆንም፤ ሊጡ እስኪበስል ማርሽማሎው ይጠፋል።

ማርሽማሎው በሱቅ ካልተገኘ ቤት ይሠራል። 20 ግራም ዱቄት ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። 300 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም ማርና 80 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉ፤ ማር ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፋ ይበል። መጽሐፎቹ 115 ዲግሪ የሚሉት ደብረ ብርሃን ላይ 106 ገደማ ነው፤ 115 ድረስ ከጠበቃችሁት ውሃው ከልክ በላይ ይተንና ማርሽማሎው እንደ ማስቲካ ይጠነክራል። ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውሃ ለኩት፤ ከ100 የጎደለውን ያህል ከ115 ላይ ቀንሱ። ሽሮፑን ጄላቲኑ ላይ በቀጭኑ እያንቆረቆራችሁ በሚክሰር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ምቱት፤ ነጭና ወፍራም ሲሆን ስታርች በተነሰነሰበት ትሪ አፍስሱና 6 ሰዓት ይርጋ። ጄላቲን ከአሳማ የሚሠራ ዓይነት ስላለ ጄላቲኑንም ሆነ የተዘጋጀ ማርሽማሎው ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ የበሬ የሚልና የሐላል ምልክት ያለው አለ።

ለጾም ጄላቲኑ፣ ወተቱና እንቁላሉ ስለማይሆኑ ማርሽማሎው ይቀራል። በምትኩ የለውዝ ቅቤና ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት፣ ሊጡ ውስጥም በወተቱና በእንቁላሉ ፋንታ 200 ሚሊ ሊትር ያህል አምቦ ውሃ ይገባል፤ አምቦው ጋዙ በቶሎ ስለሚሄድ ልትጠብሱ ስትሉ ክፈቱት። የሱቅ ብስኩት ብዙ ጊዜ ወተት አለበትና እሱንም ተመልከቱ። ጥሩ ነገር ይወጣል፤ ስሞር ብዬ ግን አልጠራውም።

የተገጣጠመው ሳይጠበስ በፌስታል ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። የተጠበሰው ግን 10 ደቂቃ ካለፈው ቅርፊቱ ይረጥባል፣ እንደገና ማሞቅም አያድነውም፤ ስለዚህ ስኒው ተቀድቶ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ነው ዘይቱ መሞቅ ያለበት። ለዚህ ጣፋጭ ቡናው ያለ ስኳር ይሁን። የቀረውን ዘይት ቀዝቅዞ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉና ለቦምቦሊኖ ወይም ለሳምቡሳ አንዴ ሁለቴ ድገሙት፤ ከጠቆረ ወይም ሲሞቅ አረፋው ካልጠፋ በጠርሙስ ዘግታችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፣ የእጅ መታጠቢያ ውስጥ ግን አትድፉት።